ሁለት ሦስተኛ ለማን ይጠቅማል?

አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ አራት እድሮች ኅብረት ሊመሠርቱ ሲነሱ፣ የድምፅ አሰጣጡን አንቀጽ የማርቀቅ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ድንኳንና ወንበር በጋራ መግዛት ላይ ማንም አልተጣላም። ጭቅጭቁ «ማን ስንት ድምፅ ይኑረው?» የሚለው ላይ ነበር።

ትልቁ እድር 500 አባወራ ገደማ አለው። ሁለቱ 300፣ 300፤ ትንሹ 100። ትንሹ «ለአንድ እድር አንድ ድምፅ» አለ። የትልቁ ዳኛ ደግሞ «አምስት እጥፍ እያዋጣን እኩል? አይሞከርም!» አሉ። ለ100 አባወራ አንድ ድምፅ ስንል ግን ሁሉም ተስማማ፦ 5፣ 3፣ 3፣ 1። ድምሩ 12።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ትንሹ እንዳይጨፈለቅ ውሳኔ በሁለት ሦስተኛ ይለፍ» አሉ። ደግ ሐሳብ ይመስላል። ከ12 ሁለት ሦስተኛው 8 ነው። ሳይጸድቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

የተጠቀምኩበት ዘዴ አሜሪካዊው የሕግ ሰው ጆን ባንዛፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። የሚቆጠረው የድምፅ ብዛት አይደለም። አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር ውሳኔው የሚገለበጠው ስንቴ ነው? አራት እድሮች «አዎ» ወይም «አይ» ሲሉ የሚገኘው ጥምረት 16 ብቻ ስለሆነ በእጅ ይሠራል።

በ8 ድምፅ ሲሆን ያለ ትልቁ እድር ምንም አያልፍም፤ ሦስቱ ቢተባበሩ እንኳ 7 ናቸው። ትንሹ ደግሞ ውሳኔ የሚገለብጥበት አጋጣሚ ዜሮ ነው። ዳኛዋ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እኔ ስብሰባ የምመጣው ለሻዩ ነው?» አሉ።

በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ሲቋቋም ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ጣሊያን 4፣ 4፣ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ 2፣ 2፣ ሉክሰምበርግ 1 ድምፅ ነበራቸው። ማለፊያው ከ17ቱ 12። የሌሎቹ ድምፅ ሁሉ ጥንድ ቁጥር ስለሆነ ድምራቸው 11 ላይ ቆሞ የሉክሰምበርግን አንዷን ሊጠብቅ አይችልም። እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ቆጠራ ድምፅ ነበራት፣ አቅም ግን አልነበራትም።

የእኛን ማለፊያ ከ8 ወደ 7 አወረድኩት። አሁን 3፣ 3 እና 1 ቢገጥሙ ያሸንፋሉ። ውሳኔ የመገልበጥ አጋጣሚዎቹን ስቆጥር 5፣ 3፣ 3፣ 1 ሆነው መጡ፤ ልክ እንደ ድምፃቸው! እንዲህ ልክክ የሚል ነገር ብዙም አይገኝም። ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራ የሚገጥማችሁ ሰዎች ድምፁን አከፋፍላችሁ ማለፊያውን በልማድ አትዝጉት። ሁለቱን አብራችሁ ቁጠሩ፤ አዲስ አባል በገባ ቁጥርም እንደገና። ይህንን ደንቡ ውስጥ አስገብተነዋል።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ትልቁና ትንሹ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ መካከለኞች በሌላው ሲሆኑ 6 ለ 6 ይወጣል። «ሰብሳቢው ይወስን» ተባለ። እኔ አልተቀበልኩትም፤ ሰብሳቢው የወጣበት እድር ተጨማሪ ድምፅ አገኘ ማለት ነዋ! 6 ለ 6 ከሆነ ሐሳቡ ይወድቃል፣ የነበረው ይቀጥላል ተብሎ ተጻፈ። ሰብሳቢው እስካሁን በዚህ ያኮርፉኛል።