ጣና በስተ ምሥራቅ የወጣበት ቀን

ዛሬ ጣና በስተ ምሥራቅ ወጣ።

ቅዳሜ ነው። ሦስቱ ልጆች እንደለመዱት ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓቸውን ይዘው ቤት መጡ። ሦስቱም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ሲቪል ምህንድስና ይማራሉ። አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ወንዱም ሴቷም የእሱ ጓደኞች ናቸው። ቡናው እየተፈላ አውቶካድን፣ ፕላን የምንሥልበትን ፕሮግራም፣ እንከፍታለን። የዛሬው ሥራችን ግንቦት ላይ ለሰርቬይንግ (የመሬት ቅየሳ) ትምህርት ከሐይቁ ዳር ቶታል ስቴሽን በሚባለው የመለኪያ መሣሪያ የወሰዱትን ነጥብ ወደ ፕላን መቀየር ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ጣቱ ፈጣን ነው። ነጥቦቹን አስገባ፣ የዳርቻውን መስመር አገናኘ፣ መንገዱን አወጣ። ገና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ።

"ኢንጅነር፣ ጨረስኩ።"

አየሁት። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ግን የሰሜን ቀስቱ ወደ ላይ እያመለከተ ሐይቁ በስተ ቀኝ ተኝቷል።

"ጣና በየት በኩል ነው?" አልኩት።

"ይኸው" ብሎ ስክሪኑ ላይ በጣቱ አሳየኝ።

"እሱን አይደለም። አሁን ከቤት ብትወጣ በየት በኩል ታገኘዋለህ?"

ዝም አለ። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ አየ፣ መልሶ ስክሪኑን አየ። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን እንደሆነ፣ ዓባይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ከሐይቁ ተነስቶ እንደሚሄድ ለእሱ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። በፕላኑ ላይ ግን ሐይቁ ምሥራቅ ሄዷል፣ ወደ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ይወጣል። እየሠራ ሳለ ይኼ ሁሉ አልታየውም።

ስህተቱ ትንሽ ነው። ዳታው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን የሚለካው) ነው፣ ቀጥሎ ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ የሚለካው)። አውቶካድ ደግሞ ቀድሞ የሚፈልገው ኤክስን ነው፤ ኤክስ ማለት እዚህ ኢስቲንግ ነው። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ከተማው በመስታወት እንደሚታይ ፊት ይገለበጣል። ሮቴት በማድረግ (በማዞር) ብቻ አይስተካከልም። ሰሜኑን ወደ ሰሜን ብትመልሰው ምሥራቁ ምዕራብ ይሆንብሃል። መፍትሔው ዳታውን አስተካክሎ እንደገና ማስገባት ነው።

ለባሕር ዳር ሰው ደግሞ ቀላል መለያ አለ። እኛ ያለነው ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት ዞን 37 ውስጥ ነው። የከተማችን ኢስቲንግ 325 ሺህ አካባቢ ነው፣ ስድስት አሃዝ። ኖርዚንጉ 1 ሚሊዮን 282 ሺህ አካባቢ ነው፣ ሰባት አሃዝ። የኤክስ ቦታ ላይ ሰባት አሃዝ ካየህ እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ልጁን አልተቆጣሁትም። እንዴት እቆጣዋለሁ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ዶርም ውስጥ ማን ፈጣን ነው እያልን እንወዳደር ነበር። ኤል ለመስመር፣ ኦ ለኦፍሴት፣ ቲአር ለትሪም። ግራ እጄ ኪቦርዱ ላይ፣ ቀኝ እጄ ማውሱ ላይ። ኤፍ 8ን ሳላይ እመታታለሁ። አንድ ሙሉ የወለል ፕላን በር፣ መስኮት፣ ደረጃ ጨምሬ ከአንድ ሰዓት በታች አወጣ ነበር። ጓደኞቼ ሲጨንቃቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር አውቶካድ የቻልኩ መስሎኝ ነበር። የማውቀው ግን መስመር መሳብ ነው። መስመሩን ማን እንደሚያነበው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ያንን ያስተማረኝ አንድ ፌራዮ፣ ብረት አጣፊ፣ ነው።

ለኢንተርንሺፕ የወጣሁት እዚሁ ከተማ፣ አንድ የፎቅ ቤት ሳይት ላይ ነበር። ፕላኑ ላይ ከአንዱ ዳር ኮለን (ምሰሶ) እስከ ሌላው ዳር ኮለን ሦስት ርቀቶች አሉ፤ 4.50፣ 3.80 እና 4.20። ድምሩ 12.50 ሜትር ነው። ቦታው እንደገና ሲለካ ግን የሚፈቅደው 12.00 ብቻ ሆኖ ተገኘ። መካከለኛው 3.80 ወደ 3.30 ይቀነስ ተባለ። ለነገ ጠዋት ይድረስ ተባለ። ኮምፒውተሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ትክክለኛው ሥራ አክሲሱን፣ ኮለኖቹ የሚሰለፉበትን መስመር፣ ማንቀሳቀስ ነው። አክሲሱ ሲንቀሳቀስ ኮለኑ፣ ቢሙ (አግዳሚው)፣ ግድግዳው፣ ፉቲንጉ (የኮለኑ መሠረት)፣ ሁሉም ሉህ ላይ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። መሽቷል፣ ደክሞኛል። ዳይሜንሽኑን፣ ርቀቱን የሚናገረውን ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግሁት፣ 3.80 የሚለውን አጥፍቼ 3.30 ጻፍኩ። 12.50ውን 12.00 አልኩት። ሁለት ደቂቃ። ፕሪንት አድርጌ ሄድኩ።

ወረቀቱ ላይ ድምሩ ይገጥማል። ማንም ደምሮ ሊይዘኝ አይችልም ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቢም ግን አሁንም የድሮው ርዝመት ነው። የፌሮ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሌላ ልጅ ነበር። እሱ ከፋይሉ ላይ ለክቶ አወጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ገና እየተቆፈረ ፌራዮዎቹ የግሬድ ቢሙን (የመሬቱን ቢም) ስታፋ፣ ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚያቅፈውን ብረት፣ ማጠፍ ጀመሩ። አንዱ በአንድ እጁ የእኔን ፕላን፣ በሌላ እጁ ዝርዝሩን ይዞ መጣ። በዕድሜ አባቴን ያክላል። ብሎኬት ላይ በእርሳስ ሲያሰላ ቆይቶ ነው የመጣው።

"ኢንጅነር፣ መካከለኛው ቢም ላይ 23 ስታፋ ተብሏል። በየ15 ሳንቲ ሲደረደር በዚህ ፕላን 20 ነው የሚገባው። እነዚህ ሦስቱ የት ይግቡ?"

ደነገጥኩ። ሦስት ስታፋ በየ15 ሳንቲ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በኪቦርድ የደበቅሁትን ግማሽ ሜትር እሱ በእጁ ቆጥሮ አገኘው። ሰውየው አልተቆጣም፣ አላፌዘም። መልስ እየጠበቀ ነው የቆመው። እኔ የምሰጠው መልስ ላይ ተመሥርቶ ፌሮ ሊቆርጥ ነው። የተቆረጠ ፌሮ ደግሞ ኮንትሮል ዜድ የለውም።

እውነቱን ነገርኩት። ለኃላፊዬም ነገርኩት። ያን ቀን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አክሲሱን ከፋውንዴሽን እስከ ጣሪያ በእያንዳንዱ ሉህ ላይ አንቀሳቀስኩት። ታጥፈው የነበሩት ስታፋዎች ሌላ ቢም ላይ ገቡ። የከፋ ነገር አልደረሰም። "እነዚህ ሦስቱ የት ይግቡ?" የሚለው ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ልጆቹ ፋይል ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምነካው ዳይሜንሽኑን ነው። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቴክስት ኦቨርራይድ የሚል ቦታ አለ። እዚያ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካለ ያ ዳይሜንሽን መለካት አቁሟል። የተባለውን ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥሩን አጥፍተው ቦታውን ባዶ ሲተዉት እውነተኛው ልኬት ተመልሶ ይመጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይኼ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አልገባቸውም ነበር። የፌራዮውን ታሪክ ከነገርኳቸው ወዲህ አንድም ጊዜ አላገኘሁባቸውም።

አጎቴ በወጣትነቱ ድራፍትስማን ነበር። አውቶካድ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣበት በአውሮፓውያን 1982 እሱ ገና ራፒዶግራፍ በሚባል የቀለም ብዕር ትሬሲንግ ፔፐር ላይ ይሥል ነበር። ሲሳሳት በምላጭ ይፍቀዋል። በምላጭ የተፋቀ ወረቀት ይሳሳል። እዚያው ቦታ ደጋግመህ ከተሳሳትክ ይቀደዳል፣ የሳምንት ሥራ ይሄዳል። "ልጄ፣ እኛ ብዕሩን ከማሳረፋችን በፊት ብዙ እንቀመጥ ነበር" ይለኛል። ያንን መቀመጥ ነው እኔ ያልተማርኩት። ወደ ምላጭና ወደ ራፒዶግራፍ እንመለስ እያልኩ አይደለም። ግማሽ ሜትር ለማስተካከል አጎቴ ስንት ሉህ እንደገና መሣል ነበረበት! እኔ በአንድ ሌሊት ጨረስኩ። ግን ኮምፒውተሩ ማሰብን አያስገድድም። ስለዚህ አስተማሪው ማስገደድ አለበት፣ አስተማሪ ከሌለ ተማሪው ራሱን። አንደኛ ዓመት ላይ በእርሳስና በቲ-ስኩዌር የሚሠራውን ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ "ዘመን ያለፈበት ነው" የሚሉ ልጆች እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። እጅ ቀስ ሲል ነው ጭንቅላት የሚቀድመው።

ዛሬ ሌላም ነገር ገጠመን። ልጅቷ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ አንድ ነጥብ ርቀት ለካች። በዓይን ሲታይ 20 ሜትር ቢሆን ነው። አውቶካድ 1,790 ሜትር አላት። ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ግራ ገባት። የመንገዱ ጠርዝ ከፍታው ዜሮ ላይ ነው የተሣለው። የሰርቬይ ነጥቡ ግን እውነተኛ ከፍታውን ይዞ ነው የገባው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር። ጠፍጣፋ የመሰላት መስመር ከመሬት በታች ወደ ሰማይ የወጣ መስመር ነው። ከላይ ስለምናየው አይታይም። ለእሷ ያልኳት ይኼንኑ ነው፦ ቁጥሩን ሳታዪ በፊት ስንት መሆን እንዳለበት ለራስሽ ንገሪው። 20 ጠብቀሽ 1,790 ሲመጣ ያኔ ትነቂያለሽ። ምንም ካልጠበቅሽ ግን የመጣውን ትወስጃለሽ።

ስኬል ላይ ደግሞ ባለፈው ወር ነው የተጣላነው። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይዣቸው በእግር ተሻገርን። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው። ቤት ስንመለስ በኤ3 ወረቀት ላይ አውጡት አልኳቸው። አንዱ ድልድዩን ራሱን በሺህ አሳንሶ ሣለው። ከዚያ ዳይሜንሽን ሲያስቀምጥ የዓባይ ድልድይ 0.38 ሜትር ሆነ። አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም! ሞዴሉ ውስጥ ድልድዩ 380 ሜትር ሆኖ ነው መኖር ያለበት። የሚያንሰው ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ነው፣ በሌይአውቱ (በማተሚያ ገጹ) መስኮት በኩል። በ1:1000 ሲወጣ 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ3 ደግሞ ርዝመቱ 42 ነው፣ ጠበብ ብሎ ይገባል። በ1:500 ከፈለግህ 76 ሳንቲ ይሆናል፣ ያኔ ኤ1 ያስፈልግሃል። ይኼን በቃል ሳይሆን በእግሩ ስለሄደበት ነው መሰለኝ ቶሎ ገባው። ድልድዩን ለመሻገር ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን ያስታውሳል።

ልጆቹ "የትኞቹን ኮማንዶች እንሸምድድ?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አሁን አሁን ቀርቷል። ኮማንዱ ከሥራው ጋር ራሱ ይመጣል። ሌየሩንም (ሥዕሉ የሚከፋፈልበትን ንብርብር) ቢሆን ስሙን በትክክል እንዲሰይሙት ነው የምለፋው። "ሌየር 1" የሚባል ነገር ሳይ ያመኛል። ግድግዳ ከሆነ ግድግዳ በለው። ነገ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፣ አንተን ደውሎ መጠየቅ የለበትም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ልጅ ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ። ጣና ወደ ላይ ተመልሷል። ዓባይም ወደ ቦታው። ከፋይሉ ሥር እንዲህ የሚል ጽፏል፦

"ኢንጅነር፣ የዳርቻው መስመር ግራ አጋባኝ። እኛ የለካነው ግንቦት ላይ ነው። መስከረም ላይ ውሃው እዚህ አይደለም የሚቆመው፣ ደንገሉን አልፎ ይመጣል። ታዲያ የሣልኩት መስመር ምንድን ነው?"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከቀኑ ሙሉ ሥራ ይኼ ጥያቄ በለጠብኝ። እውነቱን ነው። ሐይቁ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል፣ ከክረምቱ በኋላ ይሞላል። ሰማያዊው መስመር እንደ ግድግዳ የቆመ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ያንን መስመር አይቶ ቤት ሊሠራ ይችላል።

የለካችሁበትን ቦታ እንዳለ ተወው፣ ከጎኑ ቀኑንና የውሃውን ከፍታ ጻፍበት ብዬ መለስኩለት።

ትንሽ ቆይቶ መለሰ። "እሺ ጽፌዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዳር ወርጄ ታንኳ ቀዛፊዎቹን እጠይቃለሁ፣ መስከረም ላይ የት ድረስ እንደሚመጣ ያሳዩኛል። ሜትር ካለሽ አውሺኝ።"

ሜትሩን በር ላይ አስቀምጬለታለሁ።