ዓይን ብቻውን አያነብም

ቻይንኛ መማር ከጀመርኩ ወዲህ በየሄድኩበት የምሰማው ምክር አንድ ነው። «ፊደላቸው ሥዕል ነው፤ ለድምፁ አትጨነቂ፤ መልኩን ሸምድጂ።» ይህ ምክር አይዋጥልኝም። ዛሬ ምክንያቱን ልጻፈው።

ቺንግ የሚባል ፊደል አለ። ብቻውን ሲቆም የቀለም ስም ነው፤ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ይሸፍናል። በስተግራው የውሃ ምልክት ሲጨመርበት «ጥርት ያለ» ይሆናል። የፀሐይ ሲጨመርበት ብራ፣ የልብ ሲጨመርበት ስሜት፣ የንግግር ሲጨመርበት «እባክህ»። ሁሉም ቺንግ ናቸው፤ ልዩነት ካላቸው የቃና፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ ነው። ግራው ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ቀኙ ድምፁን። አብዛኞቹ የቻይንኛ ፊደላት የተሠሩት እንዲህ ነው። አነጋገሩ በዘመናት ብዛት ስለተለወጠ ጥቆማው ሁልጊዜ ልክ አይመጣም። ቢሆንም ድምፅ አልባ ሥዕል አይደለም።

ቻርልስ ፐርፌቲ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ያደረጉትን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። ቻይንኛ አንባቢዎች ሁለት ፊደል እያዩ ትርጉማቸው አንድ መሆን አለመሆኑን ብቻ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ስለ ድምፅ ማንም አላነሳም። ሆኖም ትርጉማቸው ለየቅል፣ ድምፃቸው ግን አንድ የሆነ ፊደላት ሲመጡባቸው «አይደለም» ለማለት ዘገዩ። ድምፁ ሳይጠሩት መጥቶ መሃል ገባባቸው።

እርግጥ መንገዱ ከእኛ ይለያል። እኛ ድምፁን እየገጣጠምን ስለምንሄድ አይተነው የማናውቀውን ስም እንኳ እናነበዋለን። ቻይንኛ አንባቢ የፊደሉን ድምፅ ሙሉውን በአንዴ ነው ከትውስታው የሚያመጣው። በ2004 እ.ኤ.አ. ሲዮክና ታን የተባሉ የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር «ኔቸር» መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ማንበብ በሚከብዳቸው ቻይናውያን ልጆች፣ ከግራ ግንባር በስተኋላ ያለ አንድ የአንጎል ክፍል ሥራው ደከም ብሎ ተገኘ። ይህ ክፍል የፊደሉን መልክ፣ ድምፅና ትርጉም አንድ ላይ ይዞ ያስተባብራል ተብሎ ይታሰባል። ቦታው ለቻይንኛ የተለየ መስሎ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ቻይናውያንና እንግሊዛውያን ልጆችን ጎን ለጎን ያየ ሌላ ጥናት የማንበብ ችግሩ በሁለቱም አንጎል ላይ ተመሳሳይ ገጽታ እንዳለው አሳየ።

ለዚህ ነው ከቦታው ይልቅ የአንጎል ክፍሎቹ እርስ በርስ ያላቸው ትስስር የሚማርከኝ። ሰው አንጎልን በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ሲያነብ፣ ሁለት የአንጎል ክፍሎች የደም ኦክስጅናቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ እየተነጋገሩ ነው ተብሎ ይገመታል። ማንበብ የዚህ ንግግር ውጤት ነው። እጅም ይሳተፋል። አንድ ቻይናዊ የቤተሰብ ስሙን ሲነግራችሁ «የትኛው ጃንግ?» ብትሉት በጣቱ መዳፉ ላይ ይጽፍላችኋል። ድምፁ አንድ የሆነ ፊደል ብዙ ስለሆነ ጆሮና እጅ ይረዳዳሉ።

እኔም ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ በእጄ እየጻፍኩ ነው የማጠናው። ቀስ ይላል፤ ግን አእምሮ ውስጥ ይቀራል።

የሚያጓጓኝ የራሳችን ነገር ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ ስናጠናውም «ሀ ሁ ሂ» እያልን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው። እንደ እንግሊዝኛው አይበታትንም፣ እንደ ቻይንኛውም አይጠቀልልም። የአማርኛ አንባቢዎችን ከቻይናውያኑ ጎን በኤምአርአይ የሚያይ ጥናት ቢሠራ፣ መጀመሪያ ከሚተኙት አንዷ እኔ ነኝ።