እናቴ ጀልባው ላይ የቀረችበት ቀን

እናቴ ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ላለው ለማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም የተሳለችውን ጃንጥላ ይዛ ደሴቲቱ ሥር ደርሳ፣ መሬቷን ሳትረግጥ ተመለሰች። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከጎንደር ተነስታችሁ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሞተር ጀልባ መከራየት ነው።

ከመሄዳችን በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ ነበር። "ችግር የለም፣ ለሁሉም ክፍት ነው" አሉኝ። ማንዳባ ሴት የማይገባበት የወንዶች ገዳም ነው። ሰውየው አለማወቁ አይደለም የሚያንገበግበኝ፣ "አላውቅም" አለማለቱ ነው። ግን እኔስ? የሰፈራችንን ቄስ ብጠይቅ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር።

ቀኑ 27 ነበር፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት። እናቴ ምንም ሳትቀምስ ወጣች። ደሴቲቱን ስንጠጋ አንድ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ውሃው ዳር ወረዱ። "ልጄ፣ እናታችን እዚያው ይቆዩ። ሥርዓቱ አይፈቅድም" አሉኝ ቀስ ብለው። የእናቴን ፊት ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ጃንጥላውን ከፌስታሉ አወጣች። የተጨማደደውን ጨርቅ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አቃናችው። "ሂድ፣ አድርስልኝ። እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ" አለችኝ። ጀልባው ይወዛወዛል። በአንድ እጇ ጠርዙን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

እኔ ገዳሙን በቅጡ አላየሁትም። ስለቱን አስረክቤ፣ ጠበል በሃይላንድ ይዤ እየሮጥኩ ወረድኩ።

እናታችሁን ወይም እህታችሁን የምትወስዱ ከሆነ ደብረ ሲና ማርያም ውሰዷቸው። እዚያው ጎርጎራ፣ የጣና ዳር ናት። ጀልባ አያስፈልግም፣ ሴትም ትገባለች። የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት አሠራቻቸው የሚባሉት ሥዕሎችም እዚያ ናቸው። ስለ ሥርዓት ደግሞ ቢሮ አትጠይቁ፣ ካህን ወይም ባለ ጀልባ ጠይቁ።

ማንዳባ የምትሻገሩ ወንዶች፣ "ጠዋት ደብረ ሲና፣ ከሰዓት ጀልባ" ቢሏችሁ አትስሙ። ከሰዓት ጣና ላይ ንፋስ ይነሳል። በጠዋት ተሻገሩ።

እኛም ስንመለስ ደብረ ሲና ገባን። እናቴ ሥዕለ ማርያም ፊት ብዙ ቆመች። መኪና ውስጥ ጠበሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆላ ድባ ስንደርስ፣ "ጃንጥላዬን የት አኖሩት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስቸኩል አላየሁም ነበር።