የተዋጠችው «አል»

ዛሬ ማታ የአያቴን ድምፅ ከነመነሻው ሰማሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስገለብጠው የቆየሁት ግን አንዳንዱ ቦታ መነሻው የተቆረጠ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የልጅነታቸውን ታሪክ ሲያጫውቱኝ በዚሁ ላፕቶፕ ቀድቼ ነበር። አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቅጂ ነው። ዘንድሮ በጽሑፍ ልገለብጠው ተነሣሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አቆማለሁ፣ በደብተሬ እጽፋለሁ፣ እንደገና አጫውታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ወለጋ ስለሄደው ታላቅ ወንድማቸው የሚናገሩበት ቦታ ላይ ደረስኩ። «እናቴ በየፋሲካው ድርሻውን ለይታ ታስቀምጥለት ነበር» ይላሉ። አቁሜ ጻፍኩ። መልሼ ሳጫውት በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አንዲት ትንሽ «ጧ» ተሰማችና «ተመለሰም» የሚል ተከተለ። ደስ እያለኝ ጻፍኩት። ከሁለት ገጽ በኋላ «አፈር እንኳ ሳናለብሰው» ብለው ሲያለቅሱ ግራ ተጋባሁ። ወደ ኋላ ሄጄ ያንኑ ቦታ ሳላቋርጥ አጫወትኩት። «አልተመለሰም» ነው የሚሉት! «አል» ተውጣለች። በቋንቋችን ይህች መነሻ ስትወድቅ መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ብቻዋን ትቀርና ነገሩ ይገለበጣል፤ ወጥቶ የቀረው ሰው ቤቱ ይገባል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚክሰሩን፣ የኮምፒውተሩን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ከፍቼ አልሳሚክሰር የሚባለውን የሚክሰር ፕሮግራም አስነሣሁ። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በፕሮግራሞቹና በካርዱ መካከል ያለውን የድምፅ አገልግሎት፣ በእኔ ስርዓተ ክወና በሊኑክስ ሚንት 22 ላይ ፓይፕዋየርን፣ ስለሆነ አንድ ዓምድ ብቻ ቆሞ ይታያል፤ እውነተኛውን የድምፅ ካርድ ለማየት ኤፍ6ን ተጭኖ መምረጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ዓምዶቹ ይደረደራሉ፦ ማስተር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ስፒከር፣ ፒሲኤም። ከዓምዱ ሥር ሁለት «ኤም» ፊደላት ካሉ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ሁለት ዜሮ ካለ ክፍት ነው። ዘወትር ድምፅ ጠፋ ብለው ኮምፒውተራቸውን ይዘውልኝ ለሚመጡ ሰዎች አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው። የእኔ ሁሉም ክፍት ነበር።

እግረ መንገዴን ኤፍ4ን ተጭኜ የመቅጃውን በኩል አየሁ። የማይክራፎኑ ማጉያ እስከ ጫፉ፣ 30 ዴሲቤል ላይ ቆሟል። በቅጂው ሁሉ ከአያቴ ድምፅ ሥር የሚፈሰው ያ ሹሹታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ማጉያው የማይክራፎኑን ሹሹታ ከድምፁ አይለይም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነሣቸዋል። ያን ቀን ወደ 10 ዝቅ አድርጌ ላፕቶፑን ወደ እርሳቸው ባስጠጋው ኖሮ! አሁን የሚመለስ ነገር አይደለም።

የቃሉ መቆረጥ ግን ከሚክሰሩ አልነበረም። ፍንጩን የሰጠኝ መብራት መጥፋቱ ነው። መብራት ሲኖር ሁሉም ቃል ሙሉ ነው፤ ሲጠፋና ኮምፒውተሩ በባትሪ ሲሠራ ይቆረጣል። እሱም ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ካቆምኩ ደህና ነው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ስጽፍ ቆይቼ ሳጫውት ግን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል የለም።

ለካ ሁለት አሳራፊዎች ተከታትለው ይሠራሉ። ድምፅ ሲቋረጥ መጀመሪያ ፓይፕዋየር አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቆ ካርዱን ይለቅቀዋል። ከዚያ በከርነሉ (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ የራሱን ሰከንድ ይቆጥርና ኃይል ለመቆጠብ የድምፅ ቺፑን ያስተኛዋል። ይህን ቆጠራ የሚወስነው ፓወር ሴቭ የሚባል ቁጥር ነው፤ ዜሮ ከሆነ ቺፑ አይተኛም፣ አንድ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ይተኛል። እንደገና ሲነቃ ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል፤ «ጧ» የምትለውም የመንቃቱ ድምፅ ናት። የከርነሉ መመሪያ ራሱ ይህ እንደሚያጋጥምና ብዙ ጊዜ ለማስተካከል አስቸጋሪ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ለሙዚቃ ምንም አይደለም። ቃል እየለቀመ ለሚጽፍ ሰው ግን ያች ቅጽበት አንድ «አል» ናት።

ቁጥሩን የድራይቨሮች ቅንብር በሚቀመጥበት በሞድፕሮብ ማውጫ ውስጥ ዜሮ ብዬ ጽፌ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። ተስተካከለ። በማግስቱ መብራት ጠፋና ተመልሶ መቁረጥ ጀመረ! ፋይሉን ከፍቼ ሳነብ አሁንም ዜሮ ይላል፤ ድራይቨሩ አሁን የሚሠራበትን ቁጥር ከርነሉ በሚያሳይበት በሲስ ማውጫ ስመለከት ግን አንድ ሆኗል። ማን ቀየረው? ባትሪ እንዲቆጥብልኝ ብዬ ራሴ የጫንኩት ቲኤልፒ ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ወደ ባትሪ በተዛወረ ቁጥር የራሱን ቅንብር ይጭናል፤ በእኔ ላይ ለመብራት ዜሮ፣ ለባትሪ አንድ ተብሎ ተቀምጧል። ከታች የጻፍኩትን ሁሉ ከላይ ሆኖ ይደመስሰዋል። ስለዚህ መስተካከል የነበረበት እዚያው ቲኤልፒ ውስጥ ነው። የባትሪውንም ዜሮ አደረግኩት። በዚህ ምክንያት ባትሪዬ ትንሽ ፈጥኖ ቢያልቅ አይቆጨኝም፤ ይህ ገልብጬ እስክጨርስ እንዲሁ ይቆያል።

ዛሬ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቼ ደብተሩን ከገጽ አንድ ጀምሬ ከቅጂው ጋር ማመሳከር ያዝኩ። እስካሁን ሦስት ቦታ አግኝቻለሁ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ አንድ ስም መነሻው ጎድሎ ነበር፣ አንዱ ጋ ደግሞ «ሳይነጋ» የሚለውን «ይነጋ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ 41 ላይ ያለው ነው። አጫወትኩት፣ አቆምኩ፣ ሆን ብዬ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ እንደገና አጫወትኩ። «ጧ» የለም። «አልተመለሰም» ከማለታቸው በፊት አያቴ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ። ያን ትንፋሽ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። መልሼ መልሼ ሰማሁትና በቀይ እስክሪብቶ «አል» ጨመርኩ፤ ከፊቱም በቅንፍ «ይተነፍሳሉ» ብዬ ጻፍኩ።