አርል8ቢ በመጨረሻ ገባኝ፦ ከሐዋሳ የጥናት ማስታወሻ

ሰላም የባዮሎጂ ወዳጆች! ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ጥቂት መምህራን አለን። ባለፈው ተራው የእኔ ነበርና ላይሶሶም በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማስታወሻ ሳላይ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። በጣም ደስ ስላለኝ እዚህ ያደረሰኝን መንገድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 እ.ኤ.አ. ላይሶሶም ብሎ ስም ያወጣለት፣ ውስጡ አሲዳማ የሆነ፣ ያረጀውን የሚፈጭ ከረጢት ነው። ክፍል ውስጥ ስናስተምር እዚሁ ላይ እናቆማለን። ከረጢቱ ግን ቦታ ይቀያይራል፦ ሴሉ ምግብ ሲያገኝ ወደ ዳር ይወጣል፣ ሲራብ ኒውክለሱ አጠገብ ይሰበሰባል።

ያስቸገረኝ አርል8ቢ የሚባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ትንሽ ጂቲፒኤዝ (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ፕሮቲን) ጂቲፒ የሚባለውን ሞለኪውል ሲይዝ ይነቃል፣ ጂቲፒው ወደ ጂዲፒ ሲለወጥ ያርፋል። ሞተር፣ ማለትም ጭነት እየጎተተ የሚራመድ ፕሮቲን፣ አይደለም። እንደ ታክሲ ረዳት ነው፤ መሪ አይጨብጥም፣ ጉዞው ግን ያለ እሱ አይሆንም። ቦርክ የሚባል ስምንት ፕሮቲኖች ያሉት ስብስብ ላይሶሶሙ ላይ ያሳርፈዋል፤ የነቃው አርል8ቢ ስኪፕ የሚባለውን አገናኝ ፕሮቲን ይይዛል፤ ስኪፕ ደግሞ ካይኔሲን-1 የሚባለውን ሞተር ያመጣል። ካይኔሲኑ በማይክሮቱቡል (በሴሉ ውስጥ እንደ ሐዲድ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ) ላይ በየእርምጃው 8 ናኖሜትር እየተራመደ ከረጢቱን ወደ ዳር ይወስደዋል።

እስከዚህ ድረስ ያምራል። «አርል8ቢ ወደ ውጭ፣ ራብ7 (ሌላው ትንሽ ጂቲፒኤዝ) ወደ ውስጥ» ብሎ መያዝም ይቻል ነበር። ነገር ግን ራብ7 ሪልፕ በሚባል አገናኝ ፕሮቲን በኩል ዳይኒን የሚባለውን ሌላ ሞተር ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ፋይኮ1 በሚባል ሌላ አገናኝ በኩል ደግሞ ካይኔሲንን ይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች ደግሞ አርል8ቢም ሩፊ3 በሚባል ፕሮቲን አማካይነት ከዳይኒን ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ያው ፕሮቲን፣ ሁለት አቅጣጫ! እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ።

የፈታልኝ ለየፕሮቲኑ ስም አንድ የአቅጣጫ ቀስት መሳል መተው ነው። አሁን ከሞተሩ ጀምሬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፦ ማን እየጎተተ ነው? እሱን የያዘው ማን ነው? ያንን ላይሶሶሙ ላይ ያሰረው ማን ነው? አቅጣጫው ያለው ጂቲፒኤዙ ውስጥ ሳይሆን በዚያች ሰዓት የያዘው አጋር ላይ ነው። የሴሉ ረሃብ ጉዳይም በዚሁ ተፈታልኝ። ምግብ ሲጠፋ ራጉሌተር የሚባለው ስብስብ ቦርክን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ቦርክ ሲታገድ አርል8ቢ ሥራውን አይሠራም፣ ወደ ዳር የሚጎትተው ኃይል ይዳከማል፣ ላይሶሶሞቹም ወደ መሃል ይሰበሰባሉ።

ለጀማሪ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ በአኒሜሽን አትጀምሩ። አንድ ካይኔሲን ቀጥ ብሎ ሲራመድ የሚያሳየው ቪዲዮ ጉዳት አለው። በሕያው ሴል ውስጥ ላይሶሶም ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በማይክሮስኮፕ የተቀረጸውን እውነተኛ ፊልም ተመልከቱ። ሥዕሉን ደግሞ በእጃችሁ፣ በእርሳስ ሥሩ፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ እኔን ምንም አላስተማረኝም። ጥናቶቹንም ከሥዕሎቻቸው ጀምሩ። የሙከራ ዘዴውን ክፍል እኔ ራሴ እስካሁን እየዘለልኩት ነው የማነበው፣ ስለዚህ በዚያ ላይ ምክር የለኝም።

ቀጣዩ ርዕሳችን ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ነው፤ ሲፍኤ በሚባል ፕሮቲኑ ይህንኑ ስኪፕን ለራሱ ጥቅም ይይዘዋል። በዚህ ላይ ያነበበ ካለ ከየትኛው ጥናት እንድጀምር ንገሩኝ።