«ልጄ፣ ቤትሽ ምን ምን ይላል?»

ባለፈው ነሐሴ አክስቴ ከኮምቦልቻ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆም ብላ «ልጄ፣ ቤትሽ ምን ምን ይላል?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ለእኔ ምንም አይሸተኝም ነበር። እንዲያውም ልትደርስ 10 ደቂቃ ሲቀራት ሳሎኑን ኤር ፍሬሽነር ረጭቼዋለሁ። ለካ አፍንጫ ይለምዳል። አንድ ሽታ ውስጥ ትንሽ ከቆየን አእምሯችን መቁጠሩን ይተዋል። የቤታችንን ጠረን እኛ የማናውቀው፣ እንግዳ ግን ገና ከበር የሚያውቀው ለዚህ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ዘዴ መጨመር ብቻ ነበር። ሰንደል እለኩሳለሁ፣ እጣን አጨሳለሁ፣ እረጫለሁ። ልጄ ደግሞ አስም አለበት። የረጨሁ ቀን ማስነጠስ ይጀምረዋል፤ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ቤቱን አሳመርኩ ብዬ ልጄን ሳፍነው ከርሜያለሁ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

አክስቴ አልተቀመጠችም። አፍንጫዋን ተከትላ መኝታ ቤት ገባችና «እስኪ ይሄን ቁም ሳጥን ያዥልኝ» አለችኝ። ለሁለት ሳብነው። ጀርባው ላይ አመድ የመሰለ አረንጓዴ ሻጋታ ተነጥፏል። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ስነካው ጣቴን አረጠበው። ከታች ያስቀመጥኩት የቆዳ ጫማ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። የበዓል ቀሚሴን አውጥቼ አሸተትኩት። ሻጋታ ሻጋታ ይላል። እሱን ለብሼ ሰርግ ሄጄ ነበር።

የምንኖርባት ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ፀሐይ ሳናይ የምንውልበት ቀን አለ። ስለዚህ ብርዱን ፈርተን በርና መስኮት እንዘጋለን። የምንተነፍሰው፣ የምናበስለው፣ ገመድ ላይ የምናሰጣው እርጥብ ልብስ፣ ሁሉም እርጥበት ነው። መውጫ ሲያጣ ሄዶ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ነው። ያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ቁም ሳጥን የተደገፈበት፣ አየር የማይደርስበት ነው። ለዚህ እጣን ምን ያደርጋል?

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። ግድግዳውን በሳሙና ውሃ አሸሁ፣ ከዚያ በአቼቶ ወለወልኩት፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቅኩት። እዚህ ላይ አደራ፦ በረኪናና አቼቶ በአንድ ላይ አይቀላቀሉም። ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እኔ ልቀላቅል ስል እጄን የያዘችኝ አክስቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሥራዬ መስኮት ነው። ጉሙ ገለጥ ሲል፣ ብዙ ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን መስኮቶች ለ15 ደቂቃ እከፍታለሁ። አንዱን ብቻ መክፈት ብዙም አይጠቅምም፤ አየሩ መግቢያም መውጫም ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰሞን «ቤቱን አቀዘቀዝሽው» የሚል ቅሬታ ነበር። ግን በ15 ደቂቃ የሚለወጠው አየሩ ነው እንጂ ግድግዳውና ዕቃው ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል። መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ የሶፋ ልብስ ሁሉ ግቢ ወጣ። እናቶቻችን ክረምት ሲያልፍ ይህን የሚያደርጉት ለደንብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨርቅ ሽታ ይጠጣል። የሽንኩርት ቁሌት፣ የጭስ፣ የላብ ጠረን ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። መጋረጃውን ሳጥበው የወጣውን ውሃ ብታዩት! ከታጠበ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ይህን ሁሉ አድርጌም አንድ ሽታ አልለቅ አለኝ። ይመጣል፣ ይጠፋል። የሚመጣው ከእንግዳ ሻወር ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እሱን ብዙ አንጠቀምበትም። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ በስልክ መብራት አየና «ደርቋል» አለኝ። ከመውረጃው ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ሁልጊዜ ውሃ ይዞ መቆየት አለበት። ከታች የሚመጣውን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ሲደርቅ መንገዱ ክፍት ይሆናል። አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ማታውኑ ሽታው ጠፋ። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ጆግ አፈስበታለሁ። ለስንት ወር በሰንደል የታገልኩት ነገር በአንድ ጆግ ውሃ አለቀ።

ወጥ ቤቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ሽንኩርት ከማቁላላቴ በፊት የመኝታ ቤቱን በር እዘጋለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅና ማድቤት ጨርቅ እርጥብ ሆኖ እንዲያድር አልተውም። ቆሻሻ ማታ ይወጣል። ሞቃት ቦታ ያላችሁ ግን ማታንም አትጠብቁ፤ አክስቴ እንደምትለው ኮምቦልቻ በሙቀቱ ወራት ጠዋት የጣሉት የሽንኩርት ልጣጭ ከሰዓት ይሸታል።

እጣን አልተውኩም። ወሎ ላይ ቡና ያለ እጣን እንዴት ይሆናል? ግን መጠኑን ቀነስኩ። ዱሮ በእፍኝ ነበር የምጨምረው፤ አሁን ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል፣ እሱም መስኮት ገርበብ ተደርጎ። ከሰል በተዘጋ ቤት ከነደደ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ስለዚህ ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ከቤት ይወጣል። ልጄ ቤት ካለ ጭሱን ትቼ ጠጅ ሳር ከትንሽ ቀረፋ ጋር በድስት አፈላለሁ። እንፋሎቱ ቀለል ያለ ነው፣ አይሰነፍጥም። በክረምት ግን ይህንንም አላበዛውም፤ እሱም እርጥበት ነውና።

አክስቴ ታኅሣሥ ላይ ተመልሳ መጣች። እንደለመደችው በር ላይ ቆመች። እኔም ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና «በይ እንግዲህ፣ ቡናውን ቁይ» አለችኝ።