ዶፔልቦክን ሱሉልታ ላይ እንዴት ዳኘነው

ጥቁር ቢራ ሲባል ብዙ ሰው ገና ሳይቀምስ «እሱማ ይመራል» ይላል። ዶፔልቦክ ግን መራራ ቢራ አይደለም። ብቅል የጠገበ፣ አልኮሉ ጠንከር ያለ የጀርመን ላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ የሚጠመቅ ቢራ ነው። ስታውት ከሚባለው ሌላ ጥቁር ቢራ ጋርም አይገናኝም። ስታውት ቡና ቡና የሚለው ጠቁሮ እስኪከስል ከተቆላ ገብስ ስለሚሠራ ነው። ዶፔልቦክ ቀለሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ሙኒክ ከሚባለው ብቅል ነው። ይሄ ብቅል ሲደርቅ ጠንከር ያለ ሙቀት ያገኘዋል፣ ግን አይከስልም፣ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ይዞ ይወጣል። ይህን ልዩነት በወሬ ሳይሆን በምላሴ ማወቅ ፈለግኩ።

አጋጣሚው የመጣው የአጎቴ ልጅ ከሙኒክ ሲመለስ ነው። ሻንጣው ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ሦስት ጠርሙስ ዶፔልቦክ ይዞልኝ መጣ፦ ሳልቫቶር፣ ሴሌብራቶር እና አንድ ሌላ። ዝም ብሎ ከምግብ ጋር መጠጣት አሳዘነኝ። ስለዚህ ሱሉልታ ያለው ቤቴ ሰው ጠራሁ፦ የአጎቴን ልጅ፣ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር የሚሠራ ጓደኛዬን፣ እና ጠላ እየጠመቁ የሚሸጡ ጎረቤቴን። እትዬ መጀመሪያ «እኔ የፈረንጅ መጠጥ ምን አውቄ» ብለው ነበር። እኔ ግን ብቅል የሚያውቅ አፍንጫ ነበር የምፈልገው፣ እሱ ደግሞ ከሳቸው የበለጠ ሰፈሩ ውስጥ ማንም የለውም።

ትንሽ ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ፍርዱ ላይ ይጠቅማል። ይህን ቢራ የጀመሩት ሙኒክ ውስጥ የነበሩ የፓውላነር መነኮሳት ናቸው። በዐቢይ ጾም እህል ሲቀንሱ ሰውነታቸውን የሚያቆመው ይሄ ወፍራም ቢራ ነበር። እኛ ዘንድ በ55ቱ ቀን ብዙ ጾመኛ መጠጥ አይነካም፣ እነሱ ዘንድ ጾሙን የሚያስገፋው እሱ ነበር። ሙኒክ ኖከርበርግ ላይ እስከ ዛሬ በዚያው በጾም ወቅት የጠንካራ ቢራ በዓል ይደረጋል። ሳልቫቶር የሚለውን ስም ፓውላነር ቢራ ፋብሪካ በ1896 በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው፣ ሌሎቹ ጠማቂዎችም በ«ቶር» የሚያልቅ ስም እየፈለጉ ኦፕቲማቶር፣ አኒማቶር እያሉ ቀጠሉ። እንግዲህ ምግብ እንዲሆን የተሠራ ነገር ቀጭን ሆኖ ከመጣ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል ማለት ነው።

መለኪያ ያደረግነው የአሜሪካኖቹን የቢራ ዳኞች ቅጽ ነው፣ ቢጄሲፒ የሚባለውን። ከ50 ነው የሚታረመው፦ ሽታ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ያለው ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። የነሱው መመሪያ ላይ የዶፔልቦክ አልኮል ከ7 እስከ 10 በመቶ ተብሎ ነው የተቀመጠው፣ የኛ አብዛኛው ቢራ ደግሞ 5 በመቶ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ፈካ ያለ ዶፔልቦክም አለ፣ ስለዚህ ጥቁረት ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ዝግጅቱ ላይ በጣም ጥብቅ ነበርኩ። ጠዋት ቡና የለም። ዕጣን የለም። ሽቶ የተቀባ ሰው እንዳይመጣ አስቀድሜ ተናገርኩ። በርበሬ ያለበት ምግብ ከቅምሻው በኋላ ብቻ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ያልጣፈጠ ዳቦና ውኃ ነው። መኪናም ማንም አላመጣም። በ8 በመቶ ቢራ ላይ ሆኖ ያን ጠመዝማዛ የእንጦጦ መንገድ መውረድ በፍጹም አይሞከርም።

ሙቀቱን ሱሉልታ ራሷ አስተካከለችልኝ። ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሆነ ቢራ አይሸትም፣ የብቅል ጣዕሙም ይደበቃል። ጠርሙሶቹን ማታ የጓዳው ሲሚንቶ ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ስከት 10 ዲግሪ አካባቢ ሆኑ። ለዶፔልቦክ የሚፈለገው እሱ ነው። መሀል ከተማ በሞቃት ቀን የምትሞክሩት ከሆነ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ጠርሙስ ከመክፈታችን በፊት ያደረግነው ነው። እትዬ ቤት ሄጄ ሦስት ነገር በሲኒ አመጣሁ፦ ነጭ የገብስ ብቅል፣ እሳቸው ለጠላ ያዘጋጁት እንኩሮ፣ እና ሆን ብለን ምጣድ ላይ ያሳረርነው ገብስ። እያንዳንዱን ቀስ ብለን አላመጥን። ብቅሉ ይጣፍጣል፣ ጥሬ እህል እህል ይላል። እንኩሮው ሞቅ ያለ የዳቦ ሽታ አለው። ያረረው ደግሞ ምላስ ላይ ደረቅ ብሎ ጉሮሮ ይይዛል። ይህን አፋችሁ ውስጥ ካስቀመጣችሁ በኋላ ቢራው የት ጋ እንደሚቆም ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። ዶፔልቦክ ሁለተኛው ሲኒ ጋ ነው መቆም ያለበት፣ ሦስተኛውን ገና በሩቁ ካየ ይበቃዋል።

ከዛ ሳልቫቶርን ከፈትን። ከፍታችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ፣ አረፋው ቶሎ ነው የሚነሳው፤ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በቀስታ ቅዱ። ከግማሽ በታች ነው የምትቀዱት፣ ባዶው ቦታ ሽታውን ያቆይላችኋል። መዳፋችሁን ክደኑበት፣ ወዝወዝ አድርጉት፣ ከፍታችሁ አጭር አጭር አድርጋችሁ አሽትቱ። ማየቱ ይደርሳል። ሽታው ነው የሚያመልጠው።

ሽታው መጀመሪያ የተጠበሰ ዳቦ ነበር፣ ቀጥሎ ዘቢብና ቴምር መጣ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ያስረዳን ነገር አለ። ላገር እርሾ የሚሠራው ቀዝቃዛ ላይ ነው፣ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ፣ ከዛም ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ከእርሾው የሚመጣ የሙዝ ምናምን ሽታ ሊኖረው አይገባም። ያ የደረቀ ፍሬ ሽታ ከብቅሉ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ጠማቂዎች ደግሞ ከብቅሉ ድፍድፍ ከፊሉን ቀድተው ለብቻው ያፈሉና መልሰው ይቀላቅሉታል፣ ብቅሉ እንዲህ የሚጠልቀው በዚያም ጭምር ነው።

ወደ መስኮቱ ስናነሳው ጠርዙ ላይ ቀይ ብርሃን አሳለፈ። ጥርት ያለ ነው። አረፋው ነጭ አይደለም፣ ገለባ መልክ አለው።

እትዬ ጎንጨት አሉ። ዝም። እንደገና ጎንጨት አሉ።

«ልጄ፣ እንኩሮው በደንብ በስሏል። አላሳረሩትም። ጌሾውን ግን የት አደረሱት?»

«አለ እትዬ፣ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሲውጡት መጨረሻ ላይ ይፈልጉት።»

ዋጡና ቆዩ። «እህ። ጣፋጩን ያዝ አድርጎ ለቀቀው» አሉ።

ጓደኛዬ ይህን ወዲያው ቅጹ ላይ ጻፈው። እውነቱን ነው። እንደኛ ጌሾ ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕ የሚባለው ተክል፣ ዶፔልቦክ ላይ ሥራው ያ ብቻ ነው፤ መምረር ሳይሆን ጣፋጩን መግታት። ጣፋጩ ካልተገታ ቢራው ሽሮፕ ይሆናል። ይህን የምንለይበትን ዘዴም ጓደኛዬ ነው ያሳየን። ከዋጣችሁ በኋላ ከንፈራችሁን ግጠሙና ቆይታችሁ ክፈቱት። ከተጣበቀ እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ቆሟል ማለት ነው። ሳልቫቶር ላይ ከንፈራችን አልተጣበቀም። አፍ ይሞላል፣ ደረት ላይ ትንሽ ሙቀት ይተዋል፣ ግን አያቃጥልም። አልኮል እንደ አረቄ ጉሮሮ ከቆነጠጠ ያ ጉድለት ነው። ለመትፋት ደግሞ አትሞክሩ። ቢራ ካልተዋጠ መጨረሻው አይታወቅም። ትንሽ ትንሽ መቅዳት ነው መፍትሔው።

ሴሌብራቶር አንገቱ ላይ ትንሽ ነጭ ፍየል ተንጠልጥሎበት ነው የሚመጣው፣ ያን የአጎቴ ልጅ ለልጁ ወሰደው። አልኮሉ 6.7 በመቶ ነው፣ ከመመሪያው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይላል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ጥቁረቱ ጠለቅ ያለ ነው፣ ቸኮሌት የሚመስል ነገር አለው፣ መጨረሻው ደግሞ ከሳልቫቶር ይልቅ ደረቅ ነው። 43 ሰጠሁት። ጓደኛዬ 35 አለ። «ጥብሱ በዛ፣ ሦስተኛው ሲኒ ጋ ሊደርስ ነው» ባይ ነው። ብዙ ውድድር ላይ ዳኞች ከ7 ነጥብ በላይ ከተራራቁ ተነጋግረው ይቀራረባሉ፣ እኛም እንደዛ አደረግን። ተመልሰን ያረረውን ገብስ ቀመስን፣ ከዛ ቢራውን። ምሬቱ እዛ አልደረሰም። እሱ ወደ 39 ወጣ፣ እኔም 42 ላይ ቆምኩ።

ሦስተኛው ጠርሙስ አሳዘነን። ስሙ ይቅር። ሲከፈት እርጥብ ካርቶን ሸተተ፣ ጣዕሙም ባዶ ነበር። ይሄ አየር የነካው ወይም ሙቀት ላይ የቆየ ቢራ ምልክት ነው፣ እና ጥፋቱ የጠማቂው ላይሆን ይችላል። ጠርሙስ ብዙ አገር ሲዞር የሚደርስበትን ማን ያውቃል። ዳኛ ግን የሚፈርደው ብርጭቆው ውስጥ ባለው ነው። 22 አገኘ። ሌሎቹን ጉድለቶችም የኛ ሰው አፍንጫ በቀላሉ ይይዛቸዋል፦ ቅቤ ከሸተተ እርሾው ሥራውን በደንብ አልጨረሰም፣ የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ አፈላሉ ላይ ችግር አለ።

ዶፔልቦክ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ብቅል ማዳመጡን ለመለማመድ ግን እሱን መጠበቅ የለባችሁም። ቦሌ ጋርደን ብሮይ የሚባለው ቢራ ቤት እዚያው የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ አለ፤ ሌላ ቢራ ነው፣ ግን ለምላስ ጥሩ ትምህርት ነው። ሦስቱን ሲኒ ቤታችሁ ላይ አላምጣችሁ ሂዱ። እኛ በሚቀጥለው ዙር ጠርሙሶቹን በጋዜጣ እንጠቀልላለን፣ የሚቀዳውም የማይዳኝ ሰው ይሆናል። እትዬ ደግሞ የራሳቸውን ጠላ በዚያው ቅጽ እንድንዳኝላቸው ጠይቀዋል፣ ጥንስሱን ከወዲሁ ጥለዋል።